ከአፍ ከወጣ አፋፍ፦ የመጀመሪያዎን የራዲዮ ማስተላለፊያ ሲገጣጥሙ

ጠረጴዛው ላይ አንድ አሮጌ የአጭር ሞገድ ራዲዮ ተከፍቷል። መርፌው 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ቆሟል፤ ጣቢያ የለም፣ «ሽሽሽ» ብቻ። ከአጠገቡ ከመታወቂያ ካርድ ያነሰች ቦርድ አለች፤ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ተገጥሞላታል። ሁለት የሽቦ ጫፎች አነካካሁ። ራዲዮው ጭጭ አለ። ጫፎቹን ሳላቅቃቸው «ሽሽሽ»ው ተመለሰ። ደግሜ አነካካሁ፤ ደግሞ ጭጭ አለ። በቦርዷና በራዲዮው መካከል አንድም ሽቦ የለም።

ለሦስት ምሽት ስበይዳት የሰነበትኩት ማስተላለፊያ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ዝምታ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቦርዷ የምትልከው ንግግርም ሙዚቃም ያልተጫነበት ባዶ ሞገድ ነው። ራዲዮው እሱን ሲያገኝ ከየአቅጣጫው ይለቅም የነበረውን ጫጫታ ትቶ በእሱ ተያዘ፤ ሞገዱ ደግሞ የሚሰማ ነገር ስላልያዘ ጸጥታ ሆነ።

ይህ ጽሑፍ ካውያ ጨብጠው ለማያውቁ፣ ግን አንድ ቀን በገዛ እጄ የሠራሁት ነገር ሞገድ ሲልክ ባየሁ ለሚሉ ነው። ከወዲሁ አንድ ነገር እንግባባ። መቀበያ ራዲዮ ሲሠሩ ቢሳሳቱ ጉዳቱ በእርስዎ ብቻ ይቀራል፤ አይሰማም፣ አለቀ። ማስተላለፊያ ግን ጎረቤት ያለው ሥራ ነው። ስህተቱ ግድግዳ አልፎ፣ አጥር ዘሎ የማያውቁት ሰው ጆሮ ውስጥ ይገባል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለሞገድም ይሠራል፤ አንዴ ከሽቦው ከወጣ መልሰው አይሰበስቡትም። ስለዚህ የጀማሪ ትልቁ ሙያ ማስተላለፍ አይደለም፤ ሁሉም ነገር እስኪረጋገጥ ሳያስተላልፉ መቆየት ነው።

የትኛዋን ኪት?

ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው «ፒክሲ» የምትባለውን ኪት፣ ማለትም ገዢው ራሱ የሚገጣጥማትን የዕቃ ጥቅል፣ ነው። ዋጋዋ ከጥቂት ዶላር አይዘልም፤ ዕቃዎቿ በአንድ እፍኝ ይገባሉ። የምትሠራው በ40 ሜትር ባንድ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ7.023 ሜጋኸርዝ ነው። የምትልከው የሞርስ ምልክት ብቻ ነው፤ ድምፅ አታስተላልፍም። ኃይሏ እንደ ባትሪው ከግማሽ እስከ አንድ ዋት ገደማ ነው።

የዘር ሐረጓ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኦሌግ ቦሮዲን የተባለ ሩሲያዊ የራዲዮ አማተር (ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅር ሞገድ የሚልክ ሰው) «ማይክሮ 80» የሚባል፣ በጥቂት ዕቃ የሚላክበትም የሚሰማበትም ሰርኪት ነደፈ። ሌሎች አማተሮች እየቀነሱና እየጨመሩ ወደ ፒክሲ አደረሱት። በዚያው በ1992፣ ከ1947 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክስ ኪት እየሸጠ ስንት አሜሪካዊ ወጣት ብየዳ ያስተማረው ሂትኪት የኪት ሥራውን አቆመ። የትልልቆቹ ኪቶች ዘመን ሲያበቃ የትንንሾቹ መጣ ማለት ነው።

በ5 ዋትና ከዚያ በታች ኃይል መገናኘት በአማተሮች ዘንድ «ኪው አር ፒ» ይባላል። ጆርጅ ዶብስ የተባሉ እንግሊዛዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1974 በዚህ ስም ክለብ መሥርተው «ስፕራት» የተባለ መጽሔት አዘጋጅተዋል። በትንሽ ኃይል ሩቅ መድረስ እንደ ድህነት ሳይሆን እንደ ጥበብ የሚቆጠርበት ባህል ከእነሱ ጋር አብሮ አድጓል።

በቦርዷ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

የሚበይዱት ነገር ምን እንደሚሠራ ሳያውቁ መበየድ፣ ትርጉሙን ሳያውቁ ግዕዝ እንደ መድገም ነው። ደግነቱ ፒክሲ አራት ክፍል ብቻ ናት።

መጀመሪያ ክሪስታሉ አለ፤ በትንሽ የብረት ቆብ የታሸገ የኳርትዝ ስስ ሰሌዳ። የክራር ጅማት ቃናው በርዝመቱና በውጥረቱ እንደሚወሰን ሁሉ የኳርትዙ ንዝረት በውፍረቱ ይወሰናል። ለ7 ሜጋኸርዝ የሚሆነው ሩብ ሚሊሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያው ትራንዚስተር ይህን ሰሌዳ በኤሌክትሪክ እየነካካ በሰከንድ 7,023,000 ጊዜ ያርገበግበዋል።

ሁለተኛው ትራንዚስተር አጉዪ ነው። የመጀመሪያው ያንሾካሾከውን ተቀብሎ ጮክ አድርጎ ይደግመዋል። የሞርስ ቁልፉ የሚቆጣጠረው ይህን ነው፤ ሲጫኑት ይጮሃል፣ ሲለቁት ዝም ይላል። የፒክሲ ብልሃትም እዚህ ላይ ነው። ቁልፉ ሲለቀቅ ይኸው ትራንዚስተር ሥራ ቀይሮ ከአንቴና የመጣውን ሞገድ ከክሪስታሉ ሞገድ ጋር ያቀላቅላል። ሌላ ሰው በ7.0237 ሜጋኸርዝ ቢልክ ከእርስዎ 7.0230 ጋር ያለው ልዩነት 700 ኸርዝ ነው፤ ይህ ደግሞ በጆሮ የሚሰማ ፉጨት ነው። አንድ ትራንዚስተር፣ በአንድ በኩል አፍ፣ በሌላ በኩል ጆሮ።

ሦስተኛው ኤል ኤም 386 የሚባለው ባለ ስምንት እግር አይ ሲ ነው። ያንን ደካማ ፉጨት ለጆሮ ማዳመጫ እስኪበቃ ያጎላዋል።

አራተኛው ማጣሪያው ነው፤ አንድ ኮይልና ከግራ ከቀኙ የተተከሉ ሁለት ካፓሲተሮች። ጀማሪ ከሁሉም በላይ የሚንቀው ይህን ነው፤ ጎረቤት የሚያስከብረው ግን እሱ ነው። አጉዪው 7.023ን ሲጮህ እጥፎቹንም አብሮ ይጮሃል፤ 14.046፣ 21.069፣ 28.092 እያለ ይቀጥላል። የአማተር ባንዶች እርስ በርሳቸው በእጥፍ ስለሚሄዱ እነዚህ ሦስቱ አማተሮች ላይ ይወድቃሉ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ግን የሌላ ሰው ቤት ናቸው። በአሜሪካ ሕግ ከ30 ሜጋኸርዝ በታች እንዲህ ያለው ትርፍ ጨረር ከዋናው ቢያንስ በ43 ዴሲቤል ማነስ አለበት፤ በቀላል ቋንቋ ከ20,000 አንድ እጅ ገደማ። የፒክሲ ባለ ሦስት ዕቃ ማጣሪያ ለዚህ መለኪያ ቀጭን ስለሆነ ጠንቃቃ አማተሮች በቦርዷና በአንቴናው መካከል ሌላ፣ ጠንከር ያለ ማጣሪያ ይጨምራሉ። እርስዎም ከጠንቃቆቹ ይሁኑ።

ከካውያው በፊት ፈቃዱ

ኪቱን መግጠም አንድ ነገር ነው፤ በአንቴና ማስተላለፍ ሌላ። በኢትዮጵያ የሞገድ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥራ ነው። ኪት ከማዘዝዎ በፊት፣ ስለ ማስገባቱም ስለ ፈቃዱም ባለሥልጣኑን ይጠይቁ። ምክር የሚያገኙበት ሌላ ቦታም አለ። በአዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ አምስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ ይገኛል፤ የጥሪ ምልክቱ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ነው። «ኢ ቲ» የሚለው መነሻ በዓለም አቀፍ ስምምነት ለኢትዮጵያ የተሰጠ ስለሆነ ምልክቱን የሰማ አማተር ሁሉ ከየት እንደሚጠራ ወዲያው ያውቃል።

አሜሪካ ለሚኖሩ አንባቢዎች አንድ ወጥመድ ልጠቁም። የመጀመሪያው ደረጃ፣ ቴክኒሺያን የሚባለው ፈቃድ፣ 35 ጥያቄ አለው፤ 26ቱን የመለሰ ያልፋል። ሞርስ መቻል እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ለፈተና አይጠየቅም። ፈተናውን አልፈው፣ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ በፒክሲዋ ቢልኩ ግን ሕግ ጥሰዋል። ቴክኒሺያንም ሆነ ቀጣዩ ጄኔራል በዚህ ባንድ ሞርስ መላክ የሚችሉት ከ7.025 ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ያለው «ኤክስትራ» ለሚባለው ከፍተኛ ደረጃ የተተወ ነው፤ የኪቷ ክሪስታል ደግሞ 7.023 ነው። በሁለት ኪሎኸርዝ ብቻ ከአጥሩ ውጭ ወደቁ ማለት ነው። መፍትሔው የ7.030 ክሪስታል ገዝቶ መተካት ነው፤ በዝቅተኛ ኃይል የሚሠሩ አማተሮችም የሚሰባሰቡት እዚያው አካባቢ ነው። ክሪስታሉን ከመበየድዎ በፊት ላዩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ።

የሚያስፈልግዎት ዕቃ

የብየዳ ካውያ፦ ከ25 እስከ 40 ዋት፣ ጫፉ ቀጭን። ሙቀቱ የሚስተካከል ከሆነ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያድርጉት።

ሊድ፦ ጠጋኞች በዚህ ስም የሚጠሩት የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ ሽቦ። 63 በ37 የሚል ካገኙ ለጀማሪ ይመቻል፤ በ183 ዲግሪ ላይ በአንድ ጊዜ ይቀልጣል፣ በአንድ ጊዜ ይረጋል። እርሳስ ስላለበት ሲጨርሱ እጅዎን ይታጠቡ፤ ሲበይዱም መስኮት ይክፈቱ።

ትንሽ መቁረጫ ፒንሳ፣ ቴስተር፣ ማጉያ መነጽር፣ የረጠበ ስፖንጅ። ፒንሳው የቆረጠው እግር እንደ ፌንጣ ስለሚፈናጠር ዓይንዎን ይሸፍኑ።

ለኃይል ባትሪ ይጠቀሙ። ከግድግዳ የሚመጣ መብራት ለዚህ ሥራ አያስፈልግም፤ ርካሽ የስልክ ቻርጀሮችም ጫጫታቸው ራዲዮውን ያደነቁረዋል።

መልቀም

ከረጢቱን ቀድደው ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አይድፉት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ሥራ ሳይሆን አይቀርም። ነጭ ወረቀት ያንጥፉ፤ በዝርዝሩ ላይ ያለውን የእያንዳንዱን ዕቃ ስም ወረቀቱ ላይ ይጻፉ፤ ዕቃውን ከስሙ አጠገብ በፕላስተር ይለጥፉ። የመጀመሪያው ምሽት በዚህ ብቻ ቢያልቅ ጊዜ አባከንኩ አይበሉ።

ሬዚስተር በቀለም ይነበባል። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ ማለት 1፣ 0፣ ከዚያ ሁለት ዜሮ፦ 1,000 ኦም። ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ብርቱካናማ ማለት 4፣ 7፣ ከዚያ ሦስት ዜሮ፦ 47,000 ኦም። ቀለሙ ካጠራጠረ በቴስተር ይለኩት።

ትንንሾቹ የሴራሚክ ካፓሲተሮች ቁጥር ተጽፎባቸዋል። 104 ካለ 10 ተጽፎ አራት ዜሮ ይከተለዋል፤ 100,000 ፒኮፋራድ። 471 ደግሞ 470 ነው።

አሁን የዚህን ኪት ትልቁን ወጥመድ ልንገርዎ፤ እኔም የወደቅሁበት ነው። ኮይሎቹ ሬዚስተር ይመስላሉ። ቀለማቸውም የሚነበበው በዚያው ሕግ ነው፤ መለኪያው ግን ኦም ሳይሆን ማይክሮሄንሪ ነው። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቡናማ የሆነው 100 ማይክሮሄንሪ ነው። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ወርቃማ የሆነው 1 ማይክሮሄንሪ ነው። በቢጫ አምፖል ሥር ወርቃማና ቡናማ መንትዮች ናቸው።

የመጀመሪያዋ ፒክሲዬ ትሰማ ነበር፣ አትልክም። ለሁለት ቀን ሻጩን ስረግም ቆየሁ። ትራንዚስተሩን ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። በሦስተኛው ቀን በፀሐይ ብርሃን ቦርዷን ሳይ፣ በማጣሪያው ቦታ የቆመው የ100ው ኮይል ሆኖ አገኘሁት። በ7 ሜጋኸርዝ የ1 ማይክሮሄንሪው ኮይል 44 ኦም ያህል ይከላከላል፤ የ100ው ግን ወደ 4,400 ኦም። ለሞገዴ በር ከፈትኩ ብዬ ግንብ ሠርቼበት ነበር። ሻጩ ጥፋት አልነበረበትም። ከዚያ ወዲህ ቀለም የማነበው በቀን ብቻ ነው።

አንድ ሬዚስተር እንበይድ

ቅደም ተከተሉ ከአጭር ወደ ረጅም ነው። በመጀመሪያ ተኝተው የሚበየዱት፦ ሬዚስተር፣ ዲዮድ፣ ኮይል። ቀጥሎ የአይ ሲው መቀመጫ፣ ከዚያ የሴራሚክ ካፓሲተሮች፣ ትራንዚስተሮች፣ ክሪስታል፣ በመጨረሻ ረጃጅሞቹ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮችና መሰኪያዎቹ። ይህ ካልሆነ ቦርዷን ሲገለብጡ አጭሩ ዕቃ ተንሸራቶ ይወድቃል።

እንጀምር። የሬዚስተሩን ሁለት እግሮች ወደ ታች አጥፈው በቀዳዳዎቹ ያስገቡ፤ ከሥር እግሮቹን ትንሽ ገለጥ አድርገው ቦርዷን ይገልብጡ። የካውያውን ጫፍ በእርጥቡ ስፖንጅ ጠረግ ያድርጉና ቅንጣት ሊድ ያስነኩት፤ እንደ ብር ያብረቀርቃል። አሁን ጫፉን እግሩ ከቦርዱ የመዳብ ቀለበት ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ ያሳርፉ፤ ሁለቱንም እኩል ይንካ። በልብዎ «አንድ፣ ሁለት» ይበሉ። ከዚያ ሊዱን በሌላኛው ወገን ይስጡት፤ ለካውያው አይደለም፣ ለእግሩና ለቀለበቱ። ከሞቁ ሊዱ ራሱ ይሮጥና ዙሪያውን ይከባል። ሊዱን ያንሱ፣ ቀጥሎ ካውያውን ያንሱ። እፍ አይበሉበት፤ አያነቃንቁት።

በማጉያ ይመልከቱ። ጥሩ ብየዳ ትንሽ ጎጆ ቤት ይመስላል፤ ግርጌው ሰፍቶ ጫፉ የሾለ፣ የሚያብረቀርቅ። ድቡልቡል ሆኖ እንደ ጤዛ ቀለበቱ ላይ ከተቀመጠ ወይም ግራጫና ሻካራ ከሆነ «ቀዝቃዛ ብየዳ» ነው፤ የያዘ ይመስላል፣ አልያዘም። ካውያውን መልሰው ያሳርፉበትና እስኪፈስ ይጠብቁ።

አቅጣጫ ያላቸውን ዕቃዎች ሁለት ጊዜ ይዩ። በዲዮዱ ላይ ያለው መስመር ቦርዷ ላይ ከተሳለው መስመር ጋር ይግጠም። የትራንዚስተሩ ጠፍጣፋ ፊት በሥዕሉ ጠፍጣፋ በኩል ይሁን። የኤሌክትሮላይቲኩ ረጅም እግር ፖዘቲቭ ነው፤ ጎኑ ላይ ያለው መስመር ኔጋቲቩን ያሳያል። የአይ ሲው ጎድጎድ ያለ ጫፍ በመቀመጫው ጎድጓዳ በኩል ይዙር፤ አይ ሲውን ግን ገና አይሰኩት።

ባትሪ ከመሰካት በፊት

ሁሉ ተበይዷል፤ እጅ ወደ ባትሪው ይሄዳል። ይታገሱት። ቴስተሩን ወደ ኦም ያዙሩና የባትሪ መግቢያውን ሁለት ጫፎች ይለኩ። ዜሮ አካባቢ ካሳየ የሆነ ቦታ ሊድ ፈስሶ ሁለት መስመር አገናኝቷል፤ ፈልገው ያላቅቁ።

ካልሆነ 9 ቮልት ይስጡ። ርካሽ ኪቶች ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ መከላከያ ስለሌላቸው ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ቀድመው ያረጋግጡ። በአይ ሲው መቀመጫ ላይ እግር 4ን ከእግር 6 ጋር ይለኩ፤ የባትሪውን ቮልት ማሳየት አለበት። ካሳየ ባትሪውን ነቅለው አይ ሲውን ይሰኩ፣ ባትሪውን ይመልሱ። አሁን እግር 5 ላይ የባትሪውን ግማሽ፣ 4.5 ቮልት ገደማ ካገኙ አይ ሲው ሕያው ነው። የጆሮ ማዳመጫ ሰክተው እግር 3ን በብረት ካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሲያደርጉ «ጥዝዝ» ካለ ጆሮው ሠርቷል።

እያንዳንዱ ልኬት አንድ ጥያቄ ይዘጋል። በመጨረሻ ባይሠራ ጥፋቱ ያልለኩት ቦታ ላይ ነውና የሚፈልጉት ሰፈር ይጠብባል።

ወደ ሬዚስተር መጮህ

አሁን የጽሑፌ ልብ ላይ ደረስን። ማስተላለፊያ ለመሞከር አንቴና አያስፈልግም። የሚያስፈልገው «ሐሰተኛ አንቴና» ነው፤ ባለሙያዎች ደሚ ሎድ ይሉታል። ባለ 1 ዋት 100 ኦም የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ሲበየዱ 50 ኦም ይሆናሉ። እሱን በአንቴናው ቦታ ይሰኩ። ማስተላለፊያው ከአንቴና ጋር የተገናኘ ይመስለዋል፤ ኃይሉ ግን ወደ ሙቀት ተቀይሮ እዚያው ይቀራል። ጎረቤት አይሰማም፣ ሕግ አይጣስም። ያለ ምንም ጭነት ቁልፉን መጫን ግን የመጨረሻውን ትራንዚስተር ሊያቃጥለው ይችላል፤ ባዶ መሰኪያ ላይ አይሞክሩ።

የሞርስ ቁልፍ ከሌለዎት ሁለት ሽቦ ይበቃል። በመግቢያው ላይ የነገርኩዎት ምሽት የሆነው ይኸው ነው፤ አንቴናዬ ሬዚስተር ነበረ፣ ራዲዮው ግን ጠረጴዛው ላይ ስለነበር ያመለጠችውን ጭላንጭል ሰማ።

ኃይሏን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያሻም። አንድ ዲዮድና አንድ 103 ካፓሲተር ከሐሰተኛው አንቴና ጋር ያያይዙ፤ ዲዮዱ የሞገዱን ጫፍ ይይዛል፣ ካፓሲተሩ ያጠራቅማል፣ ቴስተሩ በዲሲ ያነባል። 6.5 ቮልት ቢያሳይ ዲዮዱ የያዘውን 0.6 ይጨምሩ፤ 7.1 ይሆናል። 7.1ን በራሱ ሲያባዙት 50 ገደማ፤ ለ100 ሲያካፍሉት ግማሽ ዋት። 10 ቮልት ላይ ቢደርስ ልክ 1 ዋት ነው። ቁልፉን ለረጅም ጊዜ ተጭነው አይቆዩ፤ ትራንዚስተሩ ትኩሳት አይወድም።

ካልሠራች

የጀማሪ ኪት በመጀመሪያ ቀን ላይሠራ ይችላል፤ ምክንያቱ የተበላሸ ዕቃ መሆኑ ግን ብርቅ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ይፈልጉ፦ ያልተበየደ እግር፣ ቀዝቃዛ ብየዳ፣ ሁለት ቀለበት ያገናኘ ሊድ፣ የተገላበጠ ዕቃ፣ ቦታው የተቀያየረ ዕቃ። ዕቃ ተቃጥሏል ብለው የሚጠረጥሩት እነዚህ አምስቱ ከተጣሩ በኋላ ነው። ሬዚስተር ይሁን ኮይል ያልለዩትን ዕቃ ከመበየድዎ በፊት በቴስተር ይለኩት፤ የ100 ኦም ሬዚስተር 100 ያሳያል፣ የ100 ማይክሮሄንሪ ኮይል ግን ጥቂት ኦም ብቻ። ሌላ ሰው እንዲያይልዎት ማድረግም ይረዳል፤ ራሱ የጻፈውን ያነበበ ሰው ስህተቱን እንደሚዘለው፣ ራሱ የበየደም እንዲሁ ነው።

አንቴናው

ፈቃድዎ በእጅዎ፣ ተጨማሪ ማጣሪያው በቦታው ሲሆን የእውነተኛው አንቴና ተራ ይደርሳል። ለ7.023 ሜጋኸርዝ የሚሆነው ግማሽ ሞገድ 20.4 ሜትር ገደማ ነው። ተራ የመብራት ሽቦ በ10.2 ሜትር ሁለት ቦታ ቆርጠው፣ መሃሉን ከፍ ባለ የእንጨት ምሰሶ ላይ፣ ጫፎቹን ወደ ታች አዘንብለው በገመድ ይሰሩ። ሁለቱ ሽቦዎች መሃል ላይ አይገናኙም፤ አንዱ ወደ ቦርዷ ከሚወርደው ኬብል እምብርት፣ ሌላው ከሽፋኑ ጋር ይያያዛል። ለዲሽ የሚዘረጋው ባለ 75 ኦም ኬብል ለዚህች ኃይል ይበቃል። ከመብራት ኃይል መስመር ራቅ ያድርጉት፤ ቢወድቅ እንኳ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። ክረምት ሲገባ፣ ነጎድጓድ ሲያንዣብብ፣ ኬብሉን ከቤት ውጭ ነቅለው ይተዉት።

በዚህ ባንድ ላይ ማታ ማታ አንድ ዋት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎሜትር ሊሄድ ይችላል፤ ሰማዩ ሲፈቅድ ከዚያም በላይ። ግን መጀመሪያ ያዳምጡ። ፒክሲ ጣቢያ አትመርጥም፤ ብርቱ የብሮድካስት ጣቢያ በአቅራቢያ ካለ እሱም ሰተት ብሎ ይገባል። ከዚያ መሃል የሞርሱን ፉጨት መለየት ጆሮ ይጠይቃል፤ ጆሮ ደግሞ የሚሠራው በምሽቶች ነው። ሞገዱ በሌላ ሰው ተይዞ እንደሆነ ሳያጣሩ አይጫኑ።

የጥሪ ምልክትዎ እስኪሰጥዎት ባለው ጊዜ ፊደላቱን በ50 ኦሙ ሬዚስተር ላይ ይለማመዱ። እዚያ የተሳሳተ ፊደል ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ አፋፍ አይደርስም።